የግመል ተራ እና የእኛ ተራ

ባቲ ሰኞ ሰኞ ሌላ ከተማ ናት። ከቆላው አፋሮች ግመልና ፍየላቸውን እየነዱ ይመጣሉ፤ ከደጋው እህል የጫኑ አህዮች ይወርዳሉ፤ ከዙሪያው ቀበሌ ኦሮሞውም አማራውም ይሰበሰባል። በሌላው ቀን የኮምቦልቻን መንገድ ይዞ ወደ ሚሌ የሚወርድ ሹፌር ሻይ ጠጥቶ የሚያልፍባት ከተማ፣ ሰኞ ዕለት መቆሚያ ይጠፋባታል። ስሟን ለአንድ የሙዚቃ ቅኝት የሰጠች ከተማ ናትና ጫጫታዋም ዜማ አለው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህን የምንጽፈው ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችንም ሴቶች፣ ሦስታችንም ፕሮግራመሮች፣ ሦስታችንም አዲስ አበባ ውስጥ በፍጥነት እያደገ ባለ አንድ የቴክኖሎጂ ድርጅት ተቀጣሪዎች። ከመካከላችን አንዷ የባቲ ልጅ ናት። ለዓረፋ በዓል፣ መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አብረናት ሄድን። በዓሉ ካለፈ በኋላ በመጣው ሰኞ እናቷ (የጓደኛ እናት እናት ናቸውና ከዚህ በኋላ «እናታችን» እንላቸዋለን) ቅቤያቸውን ይዘው ገበያ ሲወጡ ተከትለናቸው ወጣን።

እናታችን ገበያውን እንደ ጓዳቸው ያውቁታል። «ይኼ ቅቤ ተራ ነው፤ ያ እህል ተራ፤ ከወዲያ በርበሬና ቅመም፤ እዚያ ጥግ ሰሌን» እያሉ አስጎበኙን። በእነዚህ ተራዎች ተቀምጠው የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከእነሱ ማዶ፣ አቧራው የሚጨስበት ሜዳ ላይ፣ ከብት ተራና ግመል ተራ አለ። እዚያ ዓይናችን ያየው ወንድ ብቻ ነው። ትልቁ ገንዘብ የሚዞረውም እዚያ ነው።

«እናታችን፣ ግመል ተራ ሴት አትነግድም?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ማን ከለከላት?» አሉ።

«ታዲያ ለምን የለችም?»

ቅቤያቸውን በቅጠል እየሸፈኑ ትንሽ አሰቡ። «ዋጋው የሚቆረጠው እርስ በርሳቸው ነው። ደላላውም የሚያውቀው እነሱኑ ነው። እኔ ዛሬ ገብቼ ብቆም ማን ዋጋ ይጠይቀኛል? ቆሜ ውዬ ነው የምመለሰው።»

«ማን ከለከላት?»… ይህችን አባባል መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማናት ብንቆጥር ጣታችን አይበቃም።

ቢሮአችን ውስጥ ያለው ገበያ

የድርጅቱን ስም አንጠራም። ፍርሃት አለበት፤ አንዋሽም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ በሌሎች ድርጅቶች የሚሠሩ ጓደኞቻችን የሚነግሩን ታሪክ ከእኛ የሚለየው በፎቁ ቁጥር ብቻ ነው። ስም ብንጠራ አንባቢ «ይኼ እንግዲህ የእነሱ ጉድ ነው» ብሎ እፎይ ይላል። እፎይ እንዲል አንፈልግም።

ስንቀጠር ድርጅቱ አንድ ፎቅ ላይ የነበረ፣ 20 የማይሞላ ሰው የሚሠራበት ነበር። ዛሬ ሦስት ፎቅ ይዟል፤ አዲስ ሰው ሳይገባ የሚያልፍ ወር የለም። የታችኛው ፎቅ የደንበኞች አገልግሎት ነው፤ ስልክ የሚያነሱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። መካከለኛው ሒሳብና የሰው ኃይል ነው፤ ግማሽ በግማሽ። የላይኛው የእኛ ነው፤ ኮድ የሚጻፍበት። እዚያ ያለነው ሴቶች ምሳ ስንበላ አንድ ጠረጴዛ ይበቃናል፤ ወንበርም ይተርፋል። ሲስተሙ እንዴት ይሠራ፣ የትኛውን ፕሮጀክት ማን ይምራ፣ አክሲዮን ለማን ይሰጥ የሚባለው ደግሞ በላይኛው ፎቅ ጥግ ባለች አንዲት የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። የእኛ ግመል ተራ እሷ ናት። ማንም አልከለከለንም። በመስታወቱ እናያታለን።

ይህ አደላደል እንዴት እንደሚመጣ አንድ ምሳሌ እንስጥ። የባቲዋ ጓደኛችን ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሶፍትዌር ምሕንድስና ተመርቃ፣ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና አልፋ ነው የተቀጠረችው። በመጀመሪያው ሳምንት ኦሮምኛ፣ አማርኛና ለገበያ የሚበቃ አፋርኛ እንደምትችል ታወቀ። «እንዲህ ያለ ሰው ስንፈልግ ነበር!» ተባለ። «ለጥቂት ሳምንት» ታግዝ ተብላ ታች ወረደች፤ ስልክ ስታነሳ 14 ወር ቆየች። ከእሷ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረው ልጅ ሌላ ቋንቋ ስለማይችል ማንም አልነካውም፤ ኮዱን ሲጽፍ ከረመ። እሷ ስትመለስ ሥራዋን የሚገመግመው እሱ ሆኖ ጠበቃት። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ወዳጃችን ነው። ግን እስቲ አስቡት፦ ሦስት ቋንቋ መቻል የሚያስቀጣበት መሥሪያ ቤት!

ሲሮጡ የታጠቁት

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በፍጥነት የሚያድግ ድርጅት ቀበቶውን የሚታጠቀው እየሮጠ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሥራ መደብ ሲከፈት ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ መስፈርት ይጻፋል፤ ሰው ይወዳደራል። ቀርፋፋ ነው፤ ስንቀልድበት ኖረናል። እኛ ጋ ግን ማስታወቂያ የሚባል ነገር የለም፤ ጊዜ የለማ! ዛሬ ማታ አዲሱ አገልግሎት ይለቀቃል፤ ከዚያ «ልጆቹ» ተሰብስበው ቁርጥ ሊበሉ ይሄዳሉ፤ በማግስቱ ከልጆቹ አንዱ የቡድን መሪ ሆኖ ይገባል። ማንም አላሴረም። አለቃው አጠገቡ የተቀመጠ ጎበዝ ልጅ አየ፤ «አንተ ያዘው» አለ፤ አለቀ።

እናንተስ ለምን አትሄዱም? ትሉን ይሆናል። ተጋብዘን እናውቃለን። አከራያችን በሩን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይቆልፋሉ። ከዚያ ወዲያ ታክሲ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ቢገኝም ብቻን መግባት ያስፈራል። አንድ ሁለቴ ደፍረን ስንሄድ ደግሞ በማግስቱ ስለ እኛ የተወራውን ሰምተናል። ቁርጡ ጣፋጭ ነበር፤ ወሬው ግን አልተዋጠልንም።

የሌሊት ተረኝነትንም ውሰዱ። ሰርቨር ሌሊት ሲወድቅ ከእንቅልፉ ተነሥቶ የሚያነሣ ተረኛ አለ። ተረኝነቱ ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ ከክፍያውም በላይ ትምህርት አለው። ሲስተሙን ከሥሩ የሚያውቀው ሌሊት የታገለው ሰው ነው። በተረኞቹ ዝርዝር ላይ የእኛ ስም የለም። ስንጠይቅ «ለእናንተ አስበን ነው» ተባልን። በዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ሲመጣ ቅጹ ላይ «በአስቸጋሪ ሰዓት ኃላፊነት መውሰድ» የሚል መስፈርት ጠበቀን። የታሰበልን ነገር ነጥብ ሆኖ ተቀነሰብን።

ሕጉን አገላብጠናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ የሚከለክለው ነፍሰ ጡር ሴትን ነው። ሴትን ሁሉ አይደለም። ስለዚህ ድርጅቱ ለእኛ ማሰብ ከፈለገ ቤት የሚያደርስ መኪና ይመድብልን፤ ሌላውን እኛ እንችለዋለን።

ያው አዋጅ ለወላድ እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። ሕጉ ለእናቶች መልካም አድርጓል። ነገር ግን በ120 እና በ3 መካከል ያለውን ልዩነት አለቆች ሳይናገሩ ያሰሉታል። አዲስ ፕሮጀክት ሲመጣ ቀለበት ያጠለቀች ልጅ ስም ተነሥቶ «እሷ እንኳ በቅርቡ…» ተብሎ ሳይጨረስ የሚቀረው ዓረፍተ ነገር ትርጉሙ ይኸው ነው። ቀለበት ያጠለቀ ወንድ ግን «ረጋ ብሏል» ይባላል።

የሌላ አገር ሰው የጻፈው የእኛ ታሪክ

ይህ የሐበሻ ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዘመኑ እንደ ኡበር በፍጥነት ያደገ የቴክኖሎጂ ድርጅት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ሱዛን ፋውለር የምትባል መሐንዲስ በዚያ ድርጅት ያሳለፈችውን አንድ ዓመት ገደማ በራሷ ገጽ ላይ ጻፈች። በአዲሱ ቡድኗ ገና የመጀመሪያው ቀን ላይ አለቃዋ በጽሑፍ መልእክት ያሽኮረምማት ጀመር። መልእክቱን ይዛ ለሰው ኃይል ክፍል አመለከተች። መልሱ፦ ሰውየው ውጤታማ ነው፤ የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ይበቃዋል። ቆይታ ከሌሎች ሴቶች ጋር ስትነጋገር ግን በዚያው ሰው ላይ ከእሷ በፊትም አቤት ያሉ እንደነበሩ ሰማች። ለካ «የመጀመሪያ ጥፋቱ» ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ሆኖ ነበር!

ከጽሑፏ እኛን የነካን ግን ሌላ ትንሽ ነገር ነው። በእሷ ክፍል ላሉ መሐንዲሶች ሁሉ የቆዳ ጃኬት ሊገዛ ልካቸው ተወሰደ። በኋላ ለስድስቱ ሴቶች ጃኬቱ እንደማይመጣ ተነገራቸው። ምክንያቱ? ለወንዶቹ በብዛት ስለሚገዛ ቅናሽ ተገኘ፤ ለሴቶቹ ግን ቁጥራቸው ስላነሰ ቅናሽ የለም። ስትቀጠር በክፍሉ ከመቶ ከ25 በላይ የነበረው የሴቶች ድርሻ በወጣችበት ቀን ከ150 በላይ መሐንዲሶች መካከል ወደ 3 በመቶ ወርዶ ነበር። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ምርመራ ተደረገ፤ ከ20 በላይ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ በሰኔ 2017 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ትራቪስ ካላኒክ ከሥልጣን ወረዱ።

ልብ በሉ፤ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል ነበረው፤ ደንብም ነበረው። ያልነበረው ዕድገቱን ለአንድ ቀን እንኳ የሚያስቆም ምክንያት ነው። ቁጥር እያደገ ሲሄድ ቁጥሩን የሚያሳድገው ሰው አይነካም። እኛም ጋ እንደዚያው ነው።

«ሴት አለቃ አለች እኮ!»

ይህን ስንል ወዲያው የሚመጣልን መልስ አለ። «ኢትዮ ቴሌኮምን አታዩም? ራይድን አታዩም?» እናያለን፤ እንኮራለንም። ፍሬሕይወት ታምሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱን ትልቁን የቴሌኮም ድርጅት እንዲመሩ ተሾሙ፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው በእሳቸው አመራር ነው፤ ዛሬ ተመዝጋቢው ከ50 ሚሊዮን በላይ ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ 17 ዓመት እስኪሞላት ኮምፒውተር ተጠቅማ እንደማታውቅ ተናግራለች፤ ቆይታ ግን ሃይብሪድ ዲዛይንስን አቋቁማ ራይድን ለአዲስ አበባ አመጣች። በድርጅቷም በብዛት ያሰባሰበችው ሴቶችን ነው።

ከዚያም ወደኋላ ብንሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 እንግሊዝ ውስጥ ስቴፋኒ ሸርሊ ልጅ ስላላቸው ብቻ ከሥራ የራቁ ሴት ፕሮግራመሮችን ሰብስባ ከቤታቸው ሆነው የሚሠሩበት ድርጅት አቆመች። በሴት ስም የጻፈችው ደብዳቤ መልስ ሲያጣ «ስቲቭ» ብላ መፈረም ጀመረች፤ መልሱ መጣ። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞቿ ወንዶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ።

እነዚህ ሴቶች ያረጋገጡት ሴት እንደምትችል ነው። ይህን እኛም አልተጠራጠርንም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ሳምራዊትም ሸርሊም ግመል ተራ አልገቡም፤ የራሳቸውን ገበያ አቆሙ። ለዚያ የሚበቃ ካፒታል፣ ጊዜና ወኔ ያለው ሰው ብርቱ ነው። ተቀጥራ ደመወዟን ለእናቷ የምትልክ ልጅ ግን «ካልተመቸሽ የራስሽን ክፈቺ» ስትባል ያው «ማን ከለከላት?» ተባለች ማለት ነው። አንዲት ሴት በወንበር ላይ መቀመጧ ወደ ወንበሩ የሚወስደው ደረጃ ተሠርቷል ማለት አይደለም።

አገሪቱ በሩን በመግፋት አልሰነፈችም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከመቶ 70ው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠና ተወስኖ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» ተጀመረ። ብዙ ሴት ልጆች በዚያ በር ገብተዋል። ከገቡ በኋላ በየትኛው ተራ እንደሚቀመጡ የሚከታተል ግን አላየንም።

«ኤጅ ኬዝ ነው»

«እናንተ ብትጎዱ እኛ ምን አገባን?» ለሚል አንባቢም መልስ አለን። ያገባችኋል፤ የምንሠራው ለእናንተ ነውና።

ድርጅታችን በስልክ ገንዘብ ማስቀመጫና መበደሪያ መተግበሪያ ይሠራል። አንድ ቀን የይለፍ ቁጥር የረሳ ደንበኛ እንዴት ይረዳ በሚል ስብሰባ ተቀመጥን። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ወደ ስልኩ ቁጥር ኮድ ይላክ፣ በዚያ ይግባ። እኛ እጅ አወጣን። የእናታችን ሲም ካርድ በታላቅ ልጃቸው ስም ነው የወጣው። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፤ መልእክት ሲመጣ የሚያነብላቸው ማንም አጠገባቸው የተገኘ ልጅ ነው። በዚህ አሠራር የእሳቸውን ቅቤ ገንዘብ ስልኩን ያነሣ ሁሉ ሊከፍተው ይችላል። በስማቸው የተመዘገበ ነገር ስለሌለም ብድር ሲጠይቁ «ታሪክ የለዎትም» ይባላሉ፤ 30 ዓመት የነገዱ ሴት!

«ኤጅ ኬዝ ነው» አለ ሰብሳቢው። ኤጅ ኬዝ በእኛ ሙያ ቋንቋ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም፣ በኋላ የሚታይ ነገር ማለት ነው። ባቲ ቅቤ ተራ ሄዶ ቢያይ ኤጅ ኬዝ ማለት እሱ ራሱ እንደሆነ ይገባው ነበር። ስብሰባው ውስጥ ከነበርነው 12 ሰዎች ሴቶቹ ሁለት ነበርን። ስድስት ብንሆን ቢያንስ ሌሎች አራት እናቶች ይጠቀሱ ነበር።

በዚህ ረገድ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችውን፣ ከኤርትራውያን ወላጆች የተገኘችውን ትምኒት ገብሩን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባወጡት ጥናት፣ የሰውን ፊት አይተው ጾታውን እንዲለዩ የተሠሩ የትላልቅ ድርጅቶች ፕሮግራሞች ፈካ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ0.8 በመቶ እንደማይበልጥ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ አሳዩ። ከሦስት ሴት አንዷን መሳት ማለት ነው። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ የሞከሩበት ፊት የራሳቸውን የሚመስል ነበር እንጂ። ትምኒት በታኅሣሥ 2020 ከጉግል ወጣች። እሷ «አባረሩኝ» ትላለች፤ ድርጅቱ «ለቃ ነው» አለ። ብዙ አልቆየም፤ በ2021 መጨረሻ የራሷን የምርምር ተቋም አቆመች። እሷም የራሷን ገበያ!

ዝም አይነቅዝም?

እስካሁን የሌላውን ጥፋት ተናገርን። አሁን የራሳችንን።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ልጅ ሶፍትዌር ለመፈተሽ ተቀጥራ ወደ ፎቃችን መጣች። ከእኛ ታናሽ ናት፤ «እህቶቼ» ነበር የምትለን። የድርጅቱ ኮከብ የሚባል አንድ ፕሮግራመር ማታ ማታ መልእክት ይልክባት ጀመር። መጀመሪያ ስለ ሥራ፣ ቀጥሎ ስለ መልኳ፣ ከዚያ እዚህ የማንጽፈውን። መልእክቶቹን አሳየችን። «ነገ ለሰው ኃይል ክፍል ልነግር ነው፤ አብራችሁኝ ግቡ» አለች።

ሦስታችን ተያየን። አዲሱ አገልግሎት ሊለቀቅ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። የዓመቱ ዕድገት የሚወሰነውም በዚያው ወር ነበር። «ይለቀቅና እንሄዳለን፤ ትንሽ ታገሺ» አልናት። አልታገሠችም፤ ብቻዋን ገባች። «በቀልድ ነው የወሰድኩት ይላል፤ አንቺም መልስ ስትሰጪ ነበር» ተባለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀቀች። እሱ ዛሬ በመስታወቱ ክፍል ውስጥ ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ይነቅዛል። እኛ አይተነዋል። ከዚያ ወዲህ ቡና ስንጠጣ የእሷን ስም የሚያነሣ አልነበረም። ከእኛ አንዷ በዚያ ዓመት ዕድገት አግኝታለች፤ የተጨመረላት ደመወዝ የዝምታ ክፍያ ይሁን የሥራዋ ዋጋ እስከ ዛሬ መለየት አልቻለችም።

ይህን ጽሑፍ ከመጀመራችን በፊት ደወልንላት። ይቅርታ ጠየቅናት፤ ታሪኳን እንድንጽፍ ፈቃዷንም ጠየቅን። ፈቀደች። አልተቆጣችም። «እናንተ ብትገቡ እኮ አራት እንሆን ነበር» ብቻ ነው ያለችን።

አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። በአሠሪዋ ወይም በሥራ መሪ ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛም ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን መልቀቅ እንደምትችል ይደነግጋል። ጥሩ ነው። መውጫው ተጽፏል። እሷ ግን መውጣት አልነበረም የፈለገችው። ሥራዋን ትወደው ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ?

«ችሎታ ነው እንጂ ጾታ አይደለም» የሚሉን ባልደረቦች አሉ። እንስማማለን! ችሎታ ከሆነ በአደባባይ ይታይ። የምንጠይቀው ቅቤ ተራና ግመል ተራን የሚለየው አጥር እንዲታወቅ ነው፤ ዋጋው ሁሉም በሚያይበት እንዲቆረጥ።

አንደኛ፣ ማንኛውም የኃላፊነት ቦታ ሲከፈት ቢያንስ ለአምስት ቀን መስፈርቱ ተጽፎ ይለጠፍ። ድርጅቱ ለአምስት ቀን ብሎ አይወድቅም። ሁለተኛ፣ የሌሊት ተረኝነት በተራ ይሁን፤ ለተረኛው ሁሉ፣ ለወንዱም ለሴቷም፣ መጓጓዣ ይመደብ። ሦስተኛ፣ የትንኮሳ አቤቱታ የሚያይ፣ ቢያንስ ግማሹ ሴት የሆነ፣ ከተከሳሹ አለቃ ነጻ የሆነ ቡድን ይሰየም፤ ውሳኔውም ለከሳሿ በጽሑፍ ይሰጥ። አራተኛ፣ የየደረጃው የደመወዝ መነሻና ጣሪያ ይታወቅ። አምስተኛ፣ ለአባቶች የሚሰጠው ፈቃድ ሕጉ ካስቀመጠው 3 ቀን ከፍ ይበል፤ ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን ነውና ድርጅት ከዚያ በላይ ቢሰጥ የሚከለክለው የለም። ያን ጊዜ አለቃ ሲያሰላ የሴቷን ቀለበት ብቻ አይመለከትም።

ስድስተኛም አለን፤ ትንሿ ናት። በየዓመቱ ማርች 8 ሲመጣ ኬክ ይቆረሳል፤ ለእያንዳንዳችን አንድ ጽጌረዳ ይታደላል፤ ስለ ሴቶች ብርታት ወንድ አለቃችን ንግግር ያደርጋሉ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰን አበባ እንድናቀርብ የምንመረጠው እኛው ነን፤ ሲስተሙን ለእንግዳው የሚያስረዳው ግን ሌላ ነው። የዘንድሮው የኬክ ገንዘብ ለሌሊት ታክሲ ይዛወርልን።

ይህ ሁሉ ለሴቶች ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ቁርጥ ቤት የማይሄድ ወንድም አለ፤ ስለሚጾም፣ ስለማይጠጣ፣ ልጅ ስለሚያሳድግ፣ ከገጠር መጥቶ ሰው ስለማያውቅ። እሱም ግመል ተራውን ከሩቅ ነው የሚያየው። ለዚህም ነው ጥያቄያችንን በደብዳቤ ስናዘጋጅ ከፈረሙት 17 ሰዎች ስድስቱ ወንዶች የሆኑት። ከስድስቱ አንዱ ያ ከባቲዋ ልጅ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረው ነው። «እኔ 14 ወር ኮድ ስጽፍ አንቺ የት እንዳለሽ ጠይቄ አላውቅም» አላትና ፈረመ።

ደብዳቤውን ያስገባነው ባለፈው ሰኞ ነው። በዚህ ጊዜ አብረን ገባን። መልስ ገና አልመጣም፤ ምናልባት ይህ ጽሑፍ ከመልሱ ይቀድም ይሆናል። እናታችን ማታ ደውለው «ምን አሏችሁ?» ሲሉ «ገና ነው፣ ገብተን ቆመናል» አልናቸው። «ጎሽ፣ አትመለሱ» ብለው ዱዓቸውን አወረዱልን።

እናንተስ? የእናንተ መሥሪያ ቤት ግመል ተራ የት ነው? ማን ይገባበታል? በሩ ላይ ቆማ የቀረች ልጅስ የለችም? ነገ ጠዋት «አብራችሁኝ ግቡ» ብትላችሁ፣ እኛ እንዳደረግነው አታድርጉ።